የፀጉር ቀለም ልተው ወይስ ልቀጥል? ከጅማ የተጻፈ የሽበት መመሪያ

ፀጉሬን ጥቁር መቀባት የጀመርኩት በ33 ዓመቴ ነው፣ የተውኩት በ49። በየአራት ሳምንቱ ሲሰላ ከ200 ጊዜ በላይ ጓንት አጥልቄ፣ አሮጌ ፎጣ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ሰዓት እያየሁ ተቀምጫለሁ ማለት ነው። የተውኩት ግን አስቤበት አይደለም። ተገድጄ ነው፤ እንዴት እንደሆነ ወደ ታች እነግርሻለሁ። ሳይገደዱ፣ ረጋ ብሎ መወሰን ይቻል እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው፤ ይህን የምጽፈውም ለዚሁ ነው።

ቀለም ክፉ ነው፣ ሽበት ክብር ነው የሚል ስብከት እዚህ አታገኚም። ስትቀቢ ደስ የሚልሽ ከሆነና ካልከበደሽ ቀጥዪ። የምቃወመው ሁለት ነገር ነው፦ ሳያስቡት ዕድሜ ልክ መቀባትና በአንድ ቀን ንዴት መተው።

አንድ ነገር ላስታውስሽ፦ አንቺ እያልኩ ነው የምጽፈው። ሽበቱ ሲወጣ አንቺ የሚልሽ ሰው እየሳሳ ስለሚሄድ እዚህ ጥገቢው። ወንዶችም አንብቡ፤ ለእናንተ የሚሆን ትንሽ ነገር ወደ መጨረሻው አካባቢ አለ።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ሽበትሽን እይው

ለዓመታት የተቀባች ሴት የራሷን ሽበት አታውቀውም። የምታውቀው ሥሩ ላይ ብቅ ያለውን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ነው፤ እሱ ደግሞ ከድቅድቅ ጥቁር አጠገብ ስለሚቆም ሁልጊዜ ከእውነቱ የባሰ ይመስላል። ስለዚህ ምንም ሳትወስኚ የሚቀጥለውን ቀለም አዘግዪው። ስድስት፣ ብትችዪ ስምንት ሳምንት። የሰው ፀጉር በአማካይ በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። እንደ እኛ የተጠቀለለ ፀጉር ከዚያ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ በዚያ ላይ ስለሚሰበሰብ ያደገውም ያላደገ ይመስላል። በሁለት ወር አንድ ተኩል ሴንቲ ሜትር ካገኘሽ ለማየት ይበቃሻል።

ከዚያ በቀን ብርሃን በረንዳ ላይ ውጪ። የመታጠቢያ ቤት አምፖል ይዋሻል። ፀጉርሽን በማበጠሪያ እየከፈልሽ አራት ቦታ ተመልከቺ፦ ግንባርሽ ላይ፣ ከጆሮሽ በላይ ግራና ቀኝ፣ አናትሽ ላይ፣ ማጅራትሽ ላይ። ማጅራትና አናትን ብቻሽን ማየት ስለማትችዪ ልጅሽን ወይም እህትሽን ጥሪና በስልክ ታንሳልሽ። የእኔን ያነሳችው የእህቴ ልጅ ናት፤ ፎቶውን አይታ «አክስቴ፣ ይሄ እኮ ያምራል» ስትለኝ አላመንኳትም። ማመን የጀመርኩት ከአራት ወር በኋላ ነው።

ፎቶው ላይ የምትፈልጊው ብዛቱን ብቻ ሳይሆን አቀማመጡን ነው። ሽበቱ ከጥቁሩ ጋር ተበትኖ የተደባለቀ ከሆነ ማሳደጉ ቀላል ነው፤ ከሦስት እጅ አንድ እጅ ያልሞላ ከሆነ ደግሞ ከሩቅ ሰው ልብ ላይልሽ ይችላል። አስቸጋሪው ግንባሩ ሙሉ በሙሉ ነጥቶ ኋላው ጥቁር የሆነው ነው፤ ከፊት ያየሽ ሁሉ ሸብታለች ይላል፣ አንቺ ግን ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነሽ። እንዲህ ከሆንሽ ቀለሙን ከኋላ ትተሽ ከፊት ብቻ ለአንድ ዓመት መቀጠልም አንድ ውሳኔ ነው። ወይ ሁሉንም ወይ ምንም ያለሽ ማንም የለም።

ሽበት የምንለው ግራጫ ፀጉር እንዳልሆነም በቅርብ ስታዪው ይገባሻል። እያንዳንዱ ዘለላ ነጭ ነው፤ ከጥቁሩ ጋር ሲቀላቀል ነው ግራጫ የሚመስለን። ከፀጉሩ ሥር ቀለም የሚሠሩት ሜላኖሳይት የሚባሉት ሕዋሳት ሥራ ሲያቆሙ አዲሱ ፀጉር ነጭ ሆኖ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ አንድ ጥናት፣ ዕድሜ ሲገፋ በፀጉሩ ሥር ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ እየተጠራቀመ ቀለም የመሥራቱን ሂደት እንደሚያደናቅፍ አሳይቷል። ይኸው ፐርኦክሳይድ ከቀለሙ ጋር በጠርሙስ ገዝተን የምንቀባው ነው፤ ነገሩ ሲገርመኝ ይኖራል።

አንዱን ሽበት ሲነቅሉት ሰባት ይመጣል የሚባለው ተረት ነው። ቢሆንም አትንቀዪ፤ ደጋግሞ የተነቀለ ሥር ነጩንም ጥቁሩንም ማብቀል ሊያቆም ይችላል።

ደረጃ 2፦ የጤና ጉዳይ አለመሆኑን አጣሪ

ሽበት በአብዛኛው የዘር ነው። አባትሽ ወይም እናትሽ ቀድመው ከሸበቱ ሌላ ምክንያት አትፈልጊ። ነገር ግን 30 ዓመት ሳይሞላሽ በብዛት ከጀመረሽ፣ ወይም በድንገት በዝቶ ከዚያ ጋር ድካም፣ የእጅና የእግር መደንዘዝ፣ የክብደት መለዋወጥ ከመጣ ሐኪም ጋ ሄደሽ የቫይታሚን ቢ12 እና የታይሮይድ የደም ምርመራ እንዲታዘዝልሽ ጠይቂ። ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ስለሆነ ጾም ለምታበዛ ሴት ምርመራው አይከፋም። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ክብ ሆኖ የነጣ፣ ከሥሩ ያለው ቆዳም አብሮ የነጣ ከሆነ ግን ተራ ሽበት ስላልሆነ የቆዳ ሐኪም ይየው።

ደረጃ 3፦ ሒሳቡን በወረቀት ሥሪ

በየአራት ሳምንቱ ከተቀባሽ በዓመት 13 ጊዜ ነው። የአንዱን ጊዜ ወጪ ጻፊ፦ ቀለሙ፣ የፀጉር ቤቱ፣ ባጃጁ፣ ከቀለም በኋላ የደረቀውን ፀጉር ለማለስለስ የምትገዢው ትሪትመንት። በ13 አባዢ። ለምሳሌ ሁሉ ተደምሮ 800 ብር ቢሆን በዓመት 10,400 ብር ነው። ከዚያ ሰዓቱን ጻፊ። ወረፋውን፣ ካስክ ሥር መቀመጡን፣ መታጠቡን ጨምሮ ሦስት ሰዓት ከሆነ በዓመት 39 ሰዓት ይመጣል፤ ከ40 ሰዓት የሥራ ሳምንት አንድ ሰዓት ብቻ ነው የሚጎድለው።

ሒሳቡ ግን በሁለቱም በኩል ይቆጠር። ፀጉር ቤት ለብዙዎቻችን ፀጉር ብቻ የሚሠራበት ቦታ አይደለም፤ ቡና ይፈላል፣ ወሬ ይሰማል፣ ልጅ ሳይጠራሽ ሦስት ሰዓት ትቀመጫለሽ። ያ ከሆነ የምታጪው፣ ቀለሙን ትተሽ ፀጉር ቤቱን አትተዪ። ለማጠብና ለማሠራት ሂጂ። እኔ ይህን ሳላስብ ሁለቱንም አንድ ላይ ተውኩና ለወራት የጎደለኝ ሽበቱ እየመሰለኝ የጎደለኝ ወሬው ነበር።

ደረጃ 4፦ ራስሽ ቀለሙን እንዴት እንደሚቀበል ጠይቂ

የእኔ ታሪክ እዚህ ነው። ጥር ላይ ሠርግ ነበረብን። የተለመደው ቀለሜ ጠፍቶ ነበርና አንድ ፀጉር ቤት ውስጥ ከውኃ ጋር የሚበጠበጥ የዱቄት ጥቁር ቀለም ቀቡኝ። ሌሊቱን ከጆሮዬ ጀርባና ማጅራቴ ላይ ማሳከክ ጀመረኝ። ጠዋት ስነሳ የዓይኔ ቆብ አብጦ አንዱ ዓይኔ አይገለጥም። ሠርጉ ላይ አልተገኘሁም። ሐኪሙ መድኃኒት ሰጥቶኝ ሲያበቃ «ከእንግዲህ ጥቁር ቀለም የሚባል እንዳትነኪ» አለኝ። «16 ዓመት ተቀብቼ ምንም አልሆንኩም እኮ» ብለው፣ አለርጂ የሚመጣውማ ሲደጋገም ነው አለኝ።

የነገሩ አሠራር እንዲህ ነው። ቋሚ በሚባለው ቀለም ውስጥ ያሉት ቅንጣቶች ጥቃቅን ስለሆኑ ፀጉሩ ውስጥ ይገባሉ። ፐርኦክሳይዱ ሲያገኛቸው እርስ በርስ ተያይዘው ይተልቃሉ፣ መውጫም ያጣሉ። በውኃ የማይለቀው ለዚህ ነው። ከእነዚህ ዋነኛው ፒ.ፒ.ዲ. (ፓራ-ፌኒሊንዳያሚን) የሚባለው ኬሚካል ሲሆን ቀለሙ በጠቆረ ቁጥር መጠኑ ይበዛል። ሳጥኑ ላይ «አሞኒያ የለውም» የሚል ጽሑፍ ብዙ ሴት ያታልላል፤ አሞኒያ የፀጉሩን ቅርፊት ከፍቶ ቀለሙን የሚያስገባ ነው እንጂ በብዛት አለርጂ የሚያስነሳው እሱ አይደለም። አሞኒያ የሌለው ቀለም ፒ.ፒ.ዲ. ሊኖረው ይችላል።

እኛ ጋ ደግሞ ሌላ በር አለ። በሠርግ ጊዜ እጅና እግር ላይ የሚሳለው «ጥቁር ሂና»። እውነተኛው ሂና ከቅጠል የሚገኝ ነው፤ ሰዓታት ይፈልጋል፣ የሚሰጠውም ብርቱካናማ ወይም ቀላ ያለ ቡናማ ነው። በደቂቃዎች ውስጥ ከሰል የመሰለ ጥቁር ከሆነ ውስጡ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ፒ.ፒ.ዲ. አለበት፣ ያውም በብዛት። አንዴ እጇ ላይ ያሳከካት ልጅ ከዓመታት በኋላ ፀጉሯን ስትቀባ ፊቷ ሊያብጥ ይችላል። ስለዚህ ራስሽን ጠይቂ፦ ሂና አሳክኮኝ ያውቃል? ከቀለም በኋላ ጆሮዬ አካባቢ ይቀላል? በእያንዳንዱ ጊዜ ትንሽ እየባሰ ነው? ለአንዱ እንኳ አዎ ካልሽ ማሰቡን ትተሽ ቀለሙን አቁሚ። ፊት ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ደግሞ ቀጥታ ሆስፒታል ነው፤ ነገ እስኪነጋ አይባልም።

የምትቀጥዪ ከሆነ ሳጥኑ ላይ የተጻፈውንና ማንም የማያደርገውን ፈተና አድርጊ፦ በመመሪያው መሠረት ጥቂት ቀለም ከጆሮ ጀርባ ወይም ክንድ መታጠፊያ ላይ ቀብተሽ 48 ሰዓት ጠብቂ። ሪላክሰር፣ ማለትም የተጠቀለለ ፀጉር የሚዘረጋ ኬሚካል፣ የምትጠቀሚ ከሆነ ከቀለም ጋር በአንድ ቀን አታድርጊው፤ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይለያያቸው።

ካንሰርስ? ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ቀለም መቀባትን ሙያቸው ያደረጉ ፀጉር ሠሪዎች ያለባቸውን ተጋላጭነት «ካንሰር ሊያስከትል የሚችል መሆኑ ያመዝናል» በሚለው ምድብ አስቀምጦታል፤ ለራሷ የምትቀባን ሴት በተመለከተ ግን ያለው ማስረጃ ለመፈረጅ አይበቃም ብሏል። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ ወደ 47,000 በሚጠጉ ሴቶች ላይ የወጣ ጥናት በቋሚ ቀለምና በጡት ካንሰር መካከል ዝምድና አይቷል፤ ዝምድናው በጥቁር ሴቶች ላይ ጠንከር ያለ ነበር። በቀጣዩ ዓመት የወጣ ሌላ ትልቅ ጥናት ደግሞ በአብዛኞቹ የካንሰር ዓይነቶች ላይ ጭማሪ አላገኘም። ከዚህ ተነስቼ አንቺን ላስፈራራሽ አልፈልግም። በእኔ ግምት ከአንቺ ይልቅ ሊታሰብላት የሚገባት ቀኑን ሙሉ ያለ ጓንት፣ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ የምትቀባሽ ልጅ ናት።

ደረጃ 5፦ ሰው ምን እንደሚልሽ ቀድመሽ ስሚው

ኬሚካሉን ከተውኩ በኋላ ይበልጥ የከበደኝ ይህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ወራት ማንም «ሽበት አወጣሽ» አይልሽም። የሚሉሽ «ምነው፣ አሞሻል?» ነው። አንዳንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሐዘን ላይ ነሽ እንዴ?» ይላል። አይፈረድባቸውም፤ በእኛ አገር ፀጉሯን የተወች ሴት ሐዘንተኛ ናት። ሥሩ ነጭ፣ ጫፉ ጥቁር የሆነ ፀጉር የሚናገረው ምርጫን ሳይሆን መጎሳቆልን ነው። መድኃኒቱ ሌላውን ማሳመር ነው፦ ጉትቻ፣ የተስተካከለ ግንባር፣ ንጹሕ ሻሽ፣ ደህና ልብስ። እኔ በዚያ ሰሞን ቢሮ የገባሁት ድሮ ለበዓል ብቻ አደርገው በነበረው ጉትቻ ነው። ጥያቄው ግማሽ በግማሽ ቀነሰ።

መልስ አዘጋጂ፣ አጭር ይሁን። «ቀለሙን ተውኩት» ይበቃል። ምክንያት መዘርዘር ከጀመርሽ ክርክር ይሆናል፤ ክርክር ከሆነ ደግሞ እያንዳንዷ ጎረቤት ጥሩ ቀለም ታውቅልሻለች።

ቀጥሎ አጠራሩ ይለወጣል። አንድ ቀን ሐሙስ ከሄርማታ ገበያ ዕቃ ይዤ ስወጣ የባጃጁ ልጅ «እናቴ፣ ልያዝልዎት» አለኝ። እናቴ! ከመጀመሪያ ልጄ ጋር እኩያ ይሆናል፣ ስለዚህ ልክ ነው፤ ግን ከዓመት በፊት ያው ልጅ «እህት፣ ወዴት ነሽ?» ነበር የሚለኝ። ጅማ ውስጥ ነገሩ በሁለት ቋንቋ ነው የሚመጣው፦ በአማርኛ አንቺ ወደ እርስዎ፣ በአፋን ኦሮሞ «አቲ» ወደ «ኢሲን»። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለቱም ዞሩብኝ። ጥቅም አለው፤ ወንበር ይለቀቅልሻል፣ ወረፋ ላይ ቀድመሽ ትስተናገጃለሽ፣ በስብሰባ ላይ ስትናገሪ ያዳምጡሻል። ለሽበት ብሎ የሽንኩርት ዋጋ የቀነሰ ነጋዴ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

ይህ እንዴት እንደሚሰማሽ ቀድመሽ መሞከር ትችያለሽ። አንድ ቀን፣ ሥሩ በደንብ ብቅ ባለበት ጊዜ፣ ሻሽ ሳታስሪ ወደማያውቁሽ ሰዎች ሂጂ። ከሠፈርሽ ርቀሽ፣ ለምሳሌ እንግዳ ይዘሽ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ለማሳየት ጅሬን ውጪ። ማንም ከቁብ ሳይቆጥርሽ ትመለሻለሽ። በራስሽ ሠፈር የሚያስፈራሽ የአንቺን የድሮ መልክ የሚያውቁ ሰዎች መሆናቸው ያኔ ይገባሻል። እነሱ ደግሞ በሁለት ወር ይለምዱታል።

ለቤተሰብ ቀድመሽ ንገሪ፣ ፈቃድ ለመጠየቅ ሳይሆን እንዳይደነግጡ። ባሌ ምንም አላለም፣ እሱ ከእኔ ቀድሞ ሸብቷል። ያልጠበቅኩት ከእናቴ መጣ። «አንቺ ከሸበትሽ እኔ ምን ልባል ነው?» አለችኝ፤ ተቆጥታ ነበር፣ እውነቷን።

ለእስልምና ተከታይ እህቶች ጥያቄው ሌላ ገጽ አለው። ሽበትን በሂና መለወጥ የተወደደ ነው፤ ጥቁር ማቅለም ግን ብዙ ሊቃውንት የሚከለክሉት ወይም የሚጠሉት ነው። ጢማቸውን በሂና ያቀሉ አባቶችን በከተማችን በየዕለቱ የምናየው ያለ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ ለእናንተ ምርጫው ጥቁር ወይስ ነጭ ብቻ ሳይሆን ቀይም አለበት።

አንድ ጥንቃቄ፦ በሚቀጥሉት ስድስት ወራት ሥራ ልትቀይሪ ከሆነ፣ በተለይ ደንበኛ ፊት የሚያቀርብ ሥራ፣ አዘግዪው። ትክክል አይደለም፣ ግን ቃለ መጠይቅ ላይ የሚቀመጡት ሰዎች ግማሽ ጥቁር ግማሽ ነጭ ፀጉር እያዩ ስለ ችሎታሽ ብቻ ያስባሉ ብዬ አልዋሽሽም።

ደረጃ 6፦ መንገድሽን ምረጪ

ከወሰንሽ፣ ከሁሉ ፈጣኑ መቁረጥ ነው። ሦስት አራት ሴንቲ ሜትር ነጭ እስኪያድግ ጠብቀሽ የተቀባውን በሙሉ ታስቆርጪዋለሽ። በአንድ ከሰዓት አለቀ። አጭር ነጭ ፀጉር ጠይም ፊት ላይ እንዴት እንደሚያምር ያየ ያውቀዋል። ግን ፀጉሯን አሳጥራ የማታውቅ ሴት በአንድ ቀን ሁለት ነገር ልትለምድ ነው፤ ሽበቱንም ማጠሩንም። ከሁለቱ የትኛው እንዳስለቀሰሽ ሳይገባሽ ወደ ቀለም ልትመለሺ ትችያለሽ። ስለዚህ መጀመሪያ ጥቁር እንዳለ አሳጥሪው፣ ከወር በኋላ ቀለሙን አቁሚ።

ሁለተኛው ዝም ብሎ ማሳደግ ነው፣ እኔ የሄድኩበት። ፀጉርሽ ሲዘረጋ 25 ሴንቲ ሜትር ከሆነ በወር በ1 ሴንቲ ሜትር ከሁለት ዓመት በላይ ይፈጃል፤ በየሁለት ወሩ ጫፉን እያስቆረጥሽ ወደ አንድ ዓመት ተኩል ታወርጂዋለሽ። በዚህ ጊዜ መስመሩን የሚሸፍነው ሻሽና ሹሩባ ነው። ስለ ሹሩባ ግን እውነቱን ልንገርሽ፦ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄደው ሥሩን አጉልቶ ያሳያል፣ ነጩ በየመስመሩ ተሰልፎ ይታያል። የሚሻለው ግራጫ የተቀላቀለበት ሰው ሠራሽ ፀጉር ተጨምሮ በቀጫጭኑ የሚሠራው ነው። ግንባር ላይ አጥብቀው እንዳይጎትቱት ንገሪያቸው። ሽበቱን አሳድጋለሁ ብለሽ ግንባርሽን መላጣ አድርገሽ እንዳትቀሪ።

ሦስተኛው ቀስ በቀስ ማደብዘዝ ነው። ቋሚውን ቀለም ትተሽ፣ ከ20 ጊዜ ያህል መታጠብ በኋላ የሚለቅ ዓይነት፣ ከተፈጥሮሽ አንድ ደረጃ ቀለል ያለ ቡናማ መቀባት። መስመሩ አይቆረጥም፣ ይደበዝዛል። አብዛኛው ሰው ከዚህ ቢጀምር እመርጣለሁ፣ አለርጂ ካለባት በቀር፤ ይህም ቢሆን ከዚያው ቤተሰብ የመጣ ኬሚካል ሊኖረው ይችላል።

አራተኛው፣ ጥቁሩን በብሊች አንስቶ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሲልቨር ማድረግ። ስልክ ላይ ያየሽው ይህንን ነው። ቀለም ቀለምን አያነሳም፤ ጥቁር በተቀባ ፀጉር ላይ ሲልቨር ቢደፉበት ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። መጀመሪያ ፀጉሩ እንደ ሙዝ ልጣጭ ውስጥ ቢጫ እስኪሆን መነጣት አለበት፤ የዓመታት ጥቁር በተጠራቀመበት ፀጉር ላይ ያ ብዙ ዙር ነው፣ በሪላክሰር ላይ ከሆነ ደግሞ ፀጉሩ እጅሽ ላይ ይቀራል። አትሞክሪው።

ሂና ለመጠቀም ካሰብሽ፣ ንጹሕ ነጭ ላይ ደማቅ ብርቱካናማ እንደሚሆንና በመታጠብ እንደማይለቅ እወቂ። ከመሃል ጸጉርሽ ወይም ከማበጠሪያሽ የተሰበሰበ ትንሽ ፀጉር ላይ ሞክረሽ እዪ፣ በማግስቱ ደግመሽ እዪው፤ ቀለሙ በሁለተኛው ቀን ይጠልቃል። ከሂና ወደ ነጭ መመለስም ያው ማሳደግ ነው።

ደረጃ 7፦ ወሩን ምረጪ

ሰኔ ላይ ጀምሪ። የጅማ ክረምት እንኳን ለፀጉር ለመንገድም አይራራም፤ ማንም በሻሽና በጃኬት ኮፍያ ተሸፋፍኖ ነው የሚውለው፣ በፔስትራ የተሠራ ፀጉርም አዌቱ ወንዝን ሳይሻገር ይሰበሰባል። ለመስከረም ሦስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ይኖርሻል። ጥር ላይ፣ የሠርጉ ወቅት ሲመጣ፣ ሰባት። እኔ ግን ጥር ላይ ጀመርኩ፣ ያውም በዓይን እብጠት፤ የዚያን ዓመት የሠርግ ፎቶ ውስጥ የለሁም።

ለራስሽ ቀን ቁረጪ፦ እስከ መስቀል አልቀባም፣ ያኔ አስባለሁ በይ። ዕድሜ ልኬን አልቀባም ካልሽ በሦስተኛው ሳምንት ትሰበሪያለሽ።

ደረጃ 8፦ የነጩ ፀጉር አያያዝ

ዕድሜ ሲገፋ የራስ ቆዳ የሚያወጣው ቅባት ስለሚቀንስ ፀጉሩ ደረቅ ይላል። ኮንዲሽነር አታጓድዪ፣ ማታ በሻሽ ወይም በሳቲን አስረሽ ተኚ። የነጭ ፀጉር ዋና ጠላት ግን ቢጫነት ነው። ፀሐይ፣ ጭስና ሙቀት ያመጡታል። ቀለሙ የሌለው ፀጉር ከፀሐይ የሚከላከልለትም ስለሌለው ከ1,700 ሜትር በላይ ባለች ከተማ ጃንጥላው ለዝናብ ብቻ አይደለም። ፔስትራውን ከፍተኛው ሙቀት ላይ ካደረጉት ነጩ ሊቃጠልና እንደ ቆሎ ቢጫ ሊል ይችላል፤ ዝቅ አድርጉልኝ በይ። ከሰል ላይ ቡና ስታፈዪ ፀጉርሽን ሸፍኚ።

ቢጫ ካለ ሐምራዊ ሻምፖ አለ። ሐምራዊ ቢጫን ስለሚያጠፋ ነው። በሁለት ሳምንት አንዴ፣ ለሦስት ደቂቃ ያህል፣ ከዚያ በደንብ መታጠብ። እኔ መጀመሪያ ቀን ረስቼው ስልክ ሳወራ ቆየሁና ለአንድ ሳምንት ሐምራዊ ሆኜ ሰነበትኩ።

ቅቤ መቀባት ለምደሻል? እኔም ለምጃለሁ፤ አልተውኩትም። በእኔ ፀጉር ላይ ግን ያልታጠበ ቅቤ ሲሰነብት ቢጫ ያደርገዋል። ስለዚህ ማታ እቀባና በማግስቱ እታጠባለሁ። ድሮ ሳምንት ይቆይ ነበር።

ከልብስሽ ደግሞ አንዳንዱ ይከዳሻል። ከጥቁር ፀጉር ጋር ያምርብኝ የነበረው ክሬም ሹራብ ከነጩ ጋር ታማሚ አስመሰለኝ፤ የማልለብሰው የነበረው ቀይና ጥልቅ ሰማያዊ ተነሣልኝ። የሐበሻ ቀሚስ ላይ ጥለቱ ደመቅ ያለውን ሞክሪ።

ለወንዶች

የእናንተ ችግር ፂም ነው። የፊት ቆዳ ስስ ስለሆነ ቀለም ቶሎ ያስቆጣዋል፣ ፂም ደግሞ በሦስት ቀን ነጩን ያሳያል። መልካሙ ዜና፣ ፀጉራችሁ አጭር ከሆነ መሸጋገሪያው ሁለት የፀጉር መቆረጫ ቀጠሮ ነው። ለፀጉር ቆራጩ ቀለሙን እንዲተው ነግራችሁ፣ ዝቅ ብሎ እንዲቆርጣችሁ ማድረግ፤ አለቀ። ሚስቱን «ሽበትሽን ተቀቢ» እያለ ራሱ ሸብቶ የሚሄድ ወንድ ግን ይህን መመሪያ ከላይ ጀምሮ ያንብብ።

ብትጸጸቺ

መመለስ ይቻላል፣ አንድ ከሰዓት ብቻ ነው የሚፈጀው፤ ለዚህም ነው ውሳኔውን ያን ያህል አትፍሪው የምልሽ። ስትመለሺ ግን ከወራት በኋላ ስለሆነ እንደ አዲስ ቁጠሪው፦ የ48 ሰዓቱን ፈተና ድገሚ፣ ድቅድቁን ጥቁር ሳይሆን ከድሮሽ አንድ ደረጃ ቀለል ያለውን ውሰጂ፣ ነጩን በአንድ ጊዜ ከመሸፈን ጥቂት ዘለላ ተዪበት። ቁም ሳጥን ውስጥ የቀረ የድሮ የቀለም ሳጥን ካለሽ ጊዜው አለማለፉን እዪ። አንዴ ከፐርኦክሳይዱ ጋር የተበጠበጠውን ትራፊ ደግሞ ለሚቀጥለው ወር ብለሽ ጠርሙስ ውስጥ አትክደኚው፤ ጋዝ ይፈጥራል፣ ክዳኑን ይወረውረዋል። የእኔ መታጠቢያ ቤት ጣሪያ ላይ ያለው ጥቁር ጠብታ እስከ ዛሬ አልለቀቀም።